ስለ ምሳር ገንፎው ሻይ

ላሊበላ፣ ጥር 24 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤

እንዴት ከርመሻል? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ይለግማል። እናትሽም ሰው መቆጣቷን ስላልተወች ጤንነቷን አልጠራጠርም።

ከላክሽልኝ መነጽር ጋር የሸሸግሽው ወረቀት ደርሶኛል። ያልደወልሁት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እናትሽ ስምሽን ስልኬ ላይ ካየች «ድምፁን ልቀቀው» ትላለች፤ ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ወደ ደሴ የሚወርድ ሹፌር እንዳገኘሁ ይህን በእጁ ልኬዋለሁ።

አስቀድሜ የጓደኛሽን ጥያቄ ልመልስ። ነፍሰ ጡር ናት፤ ጧት ጧት ያቅለሸልሻታል፤ ለገና የላክሁልሽን የምሳር ገንፎ ቅጠል እያፈላች በቀን አንድ ብርጭቆ ትጠጣለች፤ «ልቀጥል ወይ?» ትላለች ብለሽኛል። አትቀጥል። ዛሬውኑ ታቁም። የቀረውን ከማንበብሽ በፊት ሄደሽ ንገሪያት፤ ወረቀት አይሸሽም።

ነገርሻት? እንግዲህ አሁን ኃጢአቴን ስሚ።

ፓኬቱ ላይ «የአባቶች ሻይ» ብዬ የጻፍሁት ውሸት ነው። አባቱ እኔ ነኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ እንግዳ ሎጃችን አርፎ ነበር፤ ከትንሽ ቅል ውስጥ ቅጠል አፍልቶ በብረት ቀሰም ይመጥጣል። ምንድን ነው ብለው፣ በአገሩ የሚበቅል የዛፍ ቅጠል ነው አለኝ። ሌላ እንግዳ ትታው የሄደችው የዕፅዋት መጽሐፍ ነበረኝና፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ወር ቆፈርሁት። ያ ዛፍ የእኛው የምሳር ገንፎ ዘመድ ሆኖ አገኘሁት። ምሳር ገንፎን ታውቂዋለሽ፤ ወደ አሸተን ማርያም ስንወጣ ወንዙ ዳር ያለው፣ በጋ ከክረምት ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ቀያይ ፍሬ የሚያንዠረግገው። ዘመዱ ከተጠጣ እሱስ ምን ይለዋል ብዬ ቅጠሉን አደረቅሁና አፈላሁት። እኔ ጠጣሁ፤ አልሞትሁም። በዚህች ማስረጃ ለእንግዶች አቀረብሁ።

አንዷ እንግዳ ማን ነው ይህን የሚጠጣው አለችኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት? «መነኮሳቱ ሌሊቱን ቆመው እንዲያድሩ የሚጠጡት ነው» አልኋት። ደብተር አውጥታ ጻፈችው። የምናገረውን ሰው ሲጽፍልኝ ደግሞ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ፤ በማግሥቱ አንድ ንጉሥ ጨመርሁበት። መስቀል ሲደርስ አስጎብኚያችን በለጠ፣ ቅድመ አያቱ የነገሩት ታሪክ ነው እያለ ፊቴ ቆሞ ያወራው ጀመር። ከአፉ ሲወጣ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ትንሽ ቢቆይ እኔም ባመንሁት።

ከዚያ እናትሽ ከገበያ አንድ ፌስታል ቅጠል ገዝታ መጣች። «የአባቶች ሻይ ነው፤ አንተ አታውቀውም» አለችኝ። ሳቄ ስለያዘኝ እውነቱን ሳልነግራት ቀረሁ። ላንቺም የላክሁት ለሳቅ ነበር፤ ደውዬ ልነግርሽና አብረን ልንስቅ። የጥምቀት እንግዳ መጣ፤ ረሳሁት። ጥፋቴ ይህ ነው። 

ወረቀትሽን ባነበብሁ ማግሥት አሸተን ገዳም ወጣሁ። አባ ገብረ ሚካኤል እዚያ አርባ ዓመት ኖረዋል፤ ይህን ቅጠል አባቶች ይጠጡት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከጥላው ሥር አርፈናል ልጄ፤ ቅጠሉን የጠጣ ግን አላየሁም። ማን ነው እንዲህ ያለህ?» አሉ። ሰዎች ይላሉ አልሁ። አየት አደረጉኝና «እነዚያ ሰዎች ጢማቸው እንዳንተ ነው?» አሉኝ።

ከዚያ ወርጄ ነርሷ ሲስተር ሰገነት ዘንድ ሄድሁ። የዘመዱን ነገር በመጽሐፍ ማንበቤን ስነግራት፣ «የአጎትህ ልጅ ቄስ ቢሆን አንተ ትቀድሳለህ?» አለችኝ። ከዚያው ወገን ፍሬው የሚያስመልስ አለ፤ የሚጠጣው ዘመድም ቢሆን እንደ ቡና እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ስላለበት ነፍሰ ጡር እንዳሻት አትጠጣውም አለች። የእኛን ቅጠል በነፍሰ ጡር ላይ ያጠና ሰው አታውቅም፤ «አልተጠናም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም» ብላኛለች። ጓደኛሽ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ስንት ቀን፣ ምን ያህል እንደጠጣች ሳትደብቅ ትናገር፤ የተረፈውን ቅጠል ይዛ ታሳይ። ቁርጠት ወይም ደም ካየች ደግሞ ያችን ሰዓት አታሳልፍ። ያፈረች እንደሆነ፣ ሞኝ አጎት ያላት ጓደኛ አለችኝ ትበልና በእኔ ታሳብብ።

ለአስጎብኚው ለበለጠም እውነቱን ነገርሁት። ሊመታኝ ምንም አልቀረው። «ቅድመ አያቴን ውሸታም ልታደርጋቸው ነው?» ብሎ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ሻዩን ግን ከሎጁ አስወጥተናል።

የቀረችው እናትሽ ነበረች። እሷም ማቆም ስላለባት ቁጭ አድርጌ ተናዘዝሁ፤ የልጅሽ ጓደኛም ነፍሰ ጡር ሆና ጠጥታዋለች አልኋት። ዱላ ጠብቄ ነበር።  እሷ ግን «ደህና ናት?» አለች። ደህና ናት መሰለኝ አልሁ። «ስንት ወሯ ነው?» አለች። እንጃ አልሁ። የማን ልጅ ናት አላለችም። ባሏ ማን ነው አላለችም። እናትሽ እኮ ናት! እንግዳ ውሃ ከመስጠቷ በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘሩን የምትቆጥረው።

ጧት ስነሳ ገብስ አውርዳ ስትፈትግ አገኘኋት። ለማን ነው ብላት፣ ፊቷን ሳታዞር «ለዚያች ለጓደኛዋ፣ ለአጥሚት» አለች። ለሰው ልጅ ይህን ያህል ገብስ አልበዛም ወይ አልኋት። «አንተ ሻይህን አፍላ» አለችኝ። ፈትጋ ስትጨርስ ግን ይህን ጻፍላት አለችኝ፤ ቃሏን እንዳለ አስፍሬዋለሁ፦ «ጓደኛዋ እናት እንዳላት ንገራት። እናት ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ይወጣላታል። ተደብቆ አይወለድም። ጾሙ ሳይገባ ደሴ እወርዳለሁ፤ አጥሚቱን በእጄ ነው የምሰጣት።»

እንግዲህ መምጣቷን ሰምተሻል፤ ዱብ ዕዳ አይሁንብሽ። ሐኪሙ ያለውን በዚሁ ሹፌር እጅ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እስከዚያ ቀልድ የሚባል ከአፌ አይወጣም። ጓደኛሽንም ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ቅዱስ ላሊበላ ይጠብቅሽ። ከባድ አታንሺ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

የሚወድሽ አጎትሽ