በቅሎዬና የፍቃዱ ልጅ

ሰኔ 11 ቀን 2003

ዝናብ። የንብ ቀፎዎቼን ለማየት ማንኪራ ጫካ አልሄድኩም። በቅሎዬን ሳጥብ ዋልኩ።

የምትጽፍልኝ ተከራዬ መምህርት አስማ ናት። የወሎ ልጅ፤ ሴቶች ብቻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። ያልኩትን እንዳለ ጻፊ ብያታለሁ።

ሰኔ 12

እድር ላይ ፍቃዱ ነካካኝ። "ሴት ከሴት ጋር ብቻ ተምራ ዩኒቨርሲቲ ምን ልትሠራ? ወንድ ሲያያት ስሟም ይጠፋታል" አለ። የራሱ ልጅ በእምነት እኮ ከልጅ ልጄ ከአብርሆት ጋር እዚያው ተምራ፣ አብረው ጅማ ገብተው፣ ዘንድሮ ሊመረቁ ነው! እናቷ በዛወርቅ ናት በግድ ያስገባቻት።

ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩ። "ስማ! ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጡት አንዷ ዘንድሮ ከወንዶቹ ሁሉ በላይ ሆና ትመረቃለች! ያቺን ልጅ በበቅሎዬ አስቀምጬ፣ ልጓሙን ራሴ ይዤ፣ ቅዳሜ ገበያ መሀል አዞራታለሁ!"

"ማል!" አሉኝ። ማልኩ።

የትኛዋ እንደሆነች ይጠፋኛል? አብርሆት ናታ!

ሰኔ 17

ለበቅሎዋ የኮርቻ ልብስ፣ ግላስ፣ አሰፋሁ። ቀይ።

ሰኔ 30

አብርሆት ደወለች።

"አባባ፣ በማዕረግ ተመረቅሁ!"

"ስንተኛ?"

"ከሁሉም ሦስተኛ።"

ሦስተኛ... "አንደኛው ወንድ ነው?"

"ሴት ናት።"

"እሰይ! የማን ልጅ?"

"የጋሽ ፍቃዱ... በእምነት።"

ስልኩ ተቋረጠ። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ሐምሌ 1

በቅሎዬ አነከሰች።

አስማ ብዕሯን አስቀመጠች። "አባባ፣ አሁን ጓሮ ስትዘል አይቻታለሁ።"

"ጻፊ!"

"አልጽፍም።"

"ቤቱ የማን ነው?"

"የእርስዎ። ብዕሩ ግን የኔ ነው።"

እንዲህ ያለችዋ አስተምራቸው፣ ወንዱን ቢያስከትሉት ምን ይገርማል?

ሐምሌ 8

ልጆቹ ከጅማ ገቡ። በዛወርቅ መጣች። "ጋሽ ወልደሥላሴ፣ መሐላውን ቢተዉትም አንቀየምም። ፍቃዱም 'አያደርገውም፣ ወሬ ብቻ ነው' ብሏል።"

አያደርገውም? ማን? እኔ?

ሐምሌ 9

አደረግሁት። ጭቃው እስከ ጉልበት። በእምነት ጋዋኗን ለብሳ፣ ሜዳሊያዋን አንጠልጥላ በቅሎ ላይ። አብርሆት ከጎኗ፣ ጃንጥላ ዘርግታ። ልጅቷ ምን አድርጋ ነው እንዲህ የምትደሰተው? ያለፈቻት እኮ ጓደኛዋ ናት... እኔ አልገባኝም።

ገበያተኛው ሰርግ መሰለው። እልልታ፣ ጭብጨባ! አንዷ ቅቤ ነጋዴ፣ "ሙሽራውስ? ውይ! ይሄ ሽማግሌ ነው እንዴ?" አለች።

"የምን ሙሽራ!" ብዬ ጮህኩ። "ጅማ ካለው ወንድ ሁሉ የበለጠች ናት! የፍቃዱ ልጅ!"

የፍቃዱ ልጅ... ከኔ አፍ! ግን ሰዉ እልል ሲል ደስ አለኝ መሰለኝ፣ ደገምኩት። ጨው ተራ ስንደርስ ከጩኸት ብዛት ድምፄ ተዘጋ። ፍቃዱ እዚያ ቆሟል። እድሩን ሙሉ የሚያደነቁረው ሰውዬ፣ መንገድ ለቀቀልን።

ሐምሌ 12

ፍቃዱ ደጄ መጣ። እኔን ሳይሆን አስማን ነው የጠየቀው፤ "መምህርት፣ ለታናሿ ልጄ ምዝገባው መቼ ነው?"

ወንበር ሰጠሁት። ጠጅ ቀዳሁለት። ሁለቱ ልጆች ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ሊገቡ ነው፤ ስለዚያ ስናወራ መሸ።

"እዚያ ደግሞ ያንተዋ ብትበልጥስ?" አለኝ። "እኔ እንዳንተ በቅሎ የለኝ።"

"ጀርባ የለህም?" አልኩት።