ቀለም የሌለበት ቀለህ

ውድ አባዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? የአላስካው የኮዲያክ ብርድ ጉልበትህ ላይ አልበረታም? ባለቤትህ ማርሊስስ እንዴት ናት? ልጆቿ ቶቢንና ትንሿ ፐርል ትምህርት ጀመሩ? ባሕሩ በዚህ ወር ክፉ ነው ሲሉ ስለሰማሁ፣ ጀልባ የምትጠግነው ወደብ ላይ እንጂ ውኃ ላይ እንዳይሆን ስመኝ ሰነበትኩ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። እህቴ ኢንጋና ባሏም ደህና ናቸው። በቀረው ግን እስካሁን ከድንጋጤዬ አልወጣሁም። ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት ለዚህ ነው፤ ስልክ ላይ ታቋርጠኛለህ።

ባለፈው ወር ደውለህ ያልከኝን አልረሳሁትም። "የቬርልን አውራ ጣት የወሰደው አንቺ የሞላሽው ጥይት ነው። የጥይት መሙያውን ሽጪና እንደ ሰው ኑሪ" አልከኝ። እንዴት እንደሆነ አልጠየቅከኝም። ቀለህ ማጠብ፣ ባሩድ መመዘን፣ እርሳስ መግጠም በአሥራ ሁለት ዓመቴ ምድር ቤት ውስጥ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሚዛኑን ሁለቴ ሳላይ አንድም ጥይት እንደማልዘጋ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የሠላሳ ዓመት ጓደኛህ ቬርል ሲነግርህ ግን ልጅህን ረሳሃት።

ያን ቅዳሜ የተኩስ ክለቡ ውስጥ ከቬርል ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ጠመንጃው እጁ ላይ ሲፈነዳ ድምፁ የተኩስ ድምፅ አልነበረም፤ ከባድ የብረት በር በኃይል ሲዘጋ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ቬርል መጀመሪያ እጁን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ፎጣ እየጠመጠምኩለት ሳለ አንዱ ከኋላዬ የጥይት ሳጥኑን አንስቶ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ጮክ ብሎ አነበበ። ጽሑፉ የእኔ ነው። ሊቀ መንበሩ ሩበን "የልጅቷ ናቸው" አለ። ኬሚስትሪ ተምሬ የተመረቅኩ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ፤ ለእነሱ ግን ልጅቷ ነኝ። በማግስቱ የክለቡን ቁልፍ ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሱቅ በገባሁ ቁጥር "ጣትሽን ቁጠሪ፣ ሶልቬግ ልትጨብጥሽ ነው" እያሉ ለገንዘብ ተቀባይዋ ይቀልዱብኛል።

ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት መተኮስ በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑን ታውቃለህ። ይህን ደንብ ያፈረስኩት ለቬርል ብቻ ነው። ዓይኑ ደክሞ ሚዛን ማንበብ ስላቃተው፣ ያንተም ጓደኛ ስለሆነ፣ በየወሩ አንድ ሳጥን እሞላለት ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን ስጠረጥር ከረምኩ። በመጨረሻ ሩበንን ለምኜ ከሳጥኑ የተረፉትን ሠላሳ ስምንት ጥይቶች ተቀበልኩ። እኔ የሞላሁት ጥይት ሁሉ ቂጡ ላይ አረንጓዴ የጥፍር ቀለም ነጥብ አለው፤ ቬርል "ለሰርግ ነው የምትኳያቸው?" እያለ ሲስቅብኝ ሰምተኸው ታውቃለህ። አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ሃያ አራቱ ነጥብ አላቸው። አሥራ አራቱ የላቸውም፤ ቀለሃቸውም እኔ ገዝቼው የማላውቅ ነው። እነዚያን ፈትቼ መዘንኳቸው። በሁለቱ ውስጥ ባሩዱ እጥፍ ነበር።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፣ አባዬ። ሰውዬው በድብቅ ራሱ መሙላት ጀምሮ፣ የሞላውን እኔ በሰጠሁት ሳጥን ውስጥ፣ ተኩሶ በጨረሳቸው ቦታ ከተታቸው። ሌላ ሰው በሞላው ሳጥን የራስህን ስትከት መጀመሪያ የምታደርገው ወረቀቱን መቅደድ ነው። ቬርል አልቀደደም። ከዚያ ሁሉ ወንድ ደግሞ ወረቀቱን ያላነበበ የለም፣ ጥይቱን የገለበጠ ግን አልነበረም።

ቬርል ቤት ሄጄ ጥይቶቹን ከሾርባ ሳህኑ አጠገብ ደረደርኩለት። ይክዳል ብዬ ነበር። እሱ ግን "የራሴ ጥይት መሆኑን ሆስፒታል ሳለሁ ነው ያወቅኩት፣ የኔ ልጅ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ክለቡን ከነሱኝ ቀኑን በምን ልግፋው? አንቺ ወጣት ነሽ፣ ትረሺዋለሽ" አለኝ። ማንኪያውን እንኳ አላስቀመጠም። ጥይቶቹን ለቅሜ ወጣሁ።

ክለቡ ፊት ላስረዳ ሳጥኑ የተሞላበትን ቀን ፍለጋ፣ ጥይት በሞላሁ ቁጥር የምጽፍበትን መዝገቤን ገለጥኩ። ከዚያ የባሰው መጣ። የስድስት ዓመት ቅዳሜና እሑድ እዚያ ውስጥ ተቀብሯል። የኢንጋ ሰርግ ቀን ስልሳ ቀለህ አጥቤአለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን የደረስኩት ቃል ኪዳኑ ካለቀ በኋላ ነው። አንተ ወደ አላስካ የሄድክበትን ቀን ፈለግኩ። "ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ ዘጠኝ። መቶ አርባ ጥይት። ሚዛኑ ትክክል" ይላል። ስላንተ አንድ ቃል የለም። አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሰህ ቬርል ነበር፤ እኔ ከምድር ቤት ሆኜ "ደህና ግባ" ብዬ ጮህኩልህ። ያን መዝገብ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ማመን አቃተኝ።

ባለፈው እሑድ፣ የክለቡ የፓንኬክ ቁርስ ላይ፣ ጥይቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ቬርል አንገቱን ደፍቶ "እውነቷን ነው" አለ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም። ሩበን ብቻ ጉሮሮውን ጠርጎ "በይ እንግዲህ፣ ቁልፍሽ ይኸው። ለቅዳሜው ውድድር እንዳትቀሪ" አለኝ። ይህን ቁልፍ ለማስመለስ ስንት ቀን ጥርሴን ነክሼ ነበር! አንስቼ አየሁትና ከማር ጠርሙሱ አጠገብ መልሼ አስቀመጥኩት። "ቅዳሜ አልመጣም። ከእንግዲህ አልሞላም" አልኩ። አንዱ "አኮረፈች" አለ። ይበሉ።

መሙያውን ትናንት ከጠረጴዛው ፈታሁት። ቬርል ልግዛው ብሎ ሰው ልኮብኛል፤ ያመንከው ሰው ፊት ይህን ያህል ደረቅ ነው። አልሸጥለትም።

አንተ ተዪው ስላልከኝ እንዳይመስልህ። ያልከኝ በውሸት ተነስተህ ነው፤ እኔ የተውኩት በራሴ መዝገብ ነው። መጀመሪያ ለቬርል ደውልና ጠይቀው። ከዚያ ለእኔ ደውል። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ምድር ቤት ሳልወርድ ላይኛው ቤት ነኝ፤ ስልኩ ሲጮኽ እሰማዋለሁ።

ማርሊስን ስለ ላከችልኝ የሱፍ ካልሲ አመስግንልኝ፤ ልክ ሆኖኛል። ቶቢንን ስለ ጥርሱ ጠይቅልኝ። ፐርልን ግንባሯን ሳምልኝ። ኢንጋ ሰላም ብላሃለች። አንተም፣ ብቀየምህም፣ ራስህን ከብርድ ጠብቅ።

ልጅህ ሶልቬግ
ሉዊስታውን፣ ሞንታና
ኦክቶበር 6 ቀን 2019