ውኃው ሳይደርቅ ስለተለሰነው ጣሪያችን

ለተከበሩ የሕንፃ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ከራስዎ በላይ ላለው ጣሪያም የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ በአዲሱ መኖሪያ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታዎን እየለመንኩ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ጣሪያው አርማታ በተሞላበት ዕለት፣ የሚደርሰንን ቤት ልናይ ከእናቴ ጋር ወጥተን ነበር። አርማታው ውኃ ተፍቶ ላዩ ኩሬ መስሏል። እናቴ ፎርማኑን «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ?» ብትለው፣ «ምንም አይደል እማማ፣ አልቦት ነው» አላት። እርስዎ ግን የሕንፃው ምረቃ ስለደረሰ ላቡ እስኪደርቅ መጠበቅ አላስፈለገዎትም። ደረቅ ሲሚንቶ አስነስንሰው፣ በግንበኛ ማንኪያ አስለስነው፣ መስታወት አስመስለው አስረከቡን። ስላማረብን እናመሰግናለን።

፪. መስታወቱ ብዙም ሳይቆይ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር። አቤት ስንል «መጥረጊያ ይጠቀሙ» የሚል መልስ ስለሰጡን ባለውለታችን ነዎት።

፫. ተቆጣጣሪ መሐንዲሷን ስለላኩልን ደግሞ ምን ብዬ ላመስግንዎ። በመዶሻ እያንኳኳች ብዙ ቦታ ላይ ባዶ ድምፅ ሰማች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ውኃው ወደ ላይ ሲወጣ ብረቱ ሥር ተይዞ ቀርቷል፤ ሲደርቅ ቦታው ክፍት ሆነ። አርማታውና ብረቱ አልተያያዙም። አደራ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የውኃ ታንከር እንዳይሞላ» አለችኝ። ይህን በጽሑፍ ባቀረበች ማግሥት መዝገብ ቤት መድበዋታል፤ እዚያ የሚንኳኳ ጣሪያ ስለሌለ ዕረፍት ታገኛለች።

፬. ታንከሩን አስሞሉት። በሳምንቱ እናቴ ጎረቤት ልትጠይቅ እንደወጣች፣ የበር መዝጊያ የሚያህል አርማታ ከነዝገቱ ትራሷ ላይ ወደቀ። የላኩት ሰው «የተጎዳ አለ?» ሲል «የለም» አልኩት። «እንግዲያው ጉዳት የለም» ብሎ ፈርሞ ሄደ። እናቴ ከዚያ ወዲህ በሄደችበት ሁሉ ቁጭ ብላ ኮርኒስ ታያለች። ታንከሩ ከሞላ ወዲህ ያንጠባጥብ የነበረው ጣሪያም ሰሞኑን ማንጠባጠቡን ትቷል፤ አሁን ዕቃ ልወስድ ስገባ የሚሰማኝ ደረቅ እንጨት ቀስ እያለ ሲሰነጠቅ ያለ ድምፅ ነው።

እኛ እኅቴ ቤት ተጠግተናል። ከቤታችን በታች ያሉት ጎረቤቶች፣ አራሷን ጨምሮ፣ «ሕንፃው አስጊ አይደለም» የሚለውን ማስታወቂያዎን አምነው እዚያው አሉ። እርስዎን የሚያምን ሰው ስላላጡ እንኳን ደስ አለዎት።

ለማይናወጠው እርጋታዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣
ከላይ ወደ ታች የምትመለከትዎ ሳይሆን ወደ ላይ ማየት የለመደች ተገልጋይዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቤቱን ቁልፍ ለጸሐፊዎ ትቻለሁ። የእናቴን አልጋ አራግፌ በንጹሕ አንሶላ አንጥፌዋለሁ። ታንከሩ እንደተሞላ ነው፤ ማስታወቂያዎን ካመኑት አንድ ሌሊት ይደሩበት።