የአባባ ግማሽ ዜማ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለኬንጄቤክ፤ እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር በሩሲያ ብርድ አልባሰብህም? ባለቤትህ ጅልዲዝስ ከስፌቱ ብዛት ዓይኗን አላመማትም? እኔና ልጃችሁ ቤጋይም፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነን። በረዶው ዘንድሮ ቀድሞ ገባ፤ በጎቹም ከተራራ ወርደዋል። ከእናንተ በቀር የጎደለብን የለም ልልህ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን ብዙ ነው፤ አልዋሽህም።

ስለ ውሸት ካነሳሁ አይቀር የምናዘዝልህ አለኝ። በበጋ ስትደውል ቤጋይም በላክህላት ኦርጋን ስትጫወት ሰምተህ አልቅሰሃል፤ አብረውህ ለሚያድሩትም አሰምተሃል። ልጅቷ ግን አንዲት ቁልፍ ከመጫን በቀር ያደረገችው የለም፤ ዜማውን የሚያንቆረቁረው ኦርጋኑ ራሱ ነው። ደስታህን እንዳላደፈርስ ዝም አልኩ። ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ብርድ ልብስ ተከናንባ "አባዬን አታለልኩት" እያለች ስትንሰቀሰቅ አገኘኋት።

ምን ላድርግ? የአባባን ባለሦስት ክር ኮሙዝ ከግድግዳው አወረድኩላት። እሳቸው ከሞቱ ጀምሮ ክሮቹ እንደላሉ ነበሩ፤ አጠበቅኳቸው። "ይኼ ቁልፍ የለውም፤ ካልመታሽው አይናገርም" አልኳት። ታውቀው የለም? አንገቱ ላይ ምልክት እንኳ የለው፤ ጣት ቦታውን የሚያገኘው ሺህ ጊዜ ስቶ ነው። በየጠዋቱ የሻይ ውሃ እስኪፈላ ትለማመዳለች። በመጀመሪያው ሰሞን ጎረቤታችን ሽማግሌው ሶሮንባይ ባጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው "አንቺ ቡሩልቻ፣ ድመቷን ምን አድርጋችኋት ነው?" አሉኝ። ቤጋይም ሰምታ "ሁለተኛ አልነካውም!" ብላ አኮረፈች። አባትሽ ሲጀምር ውሻው ሳይቀር ጥሎት ይወጣ ነበር ስላት ግን ሳቋ አመለጣት፤ በማግስቱም አነሳችው። ባለፈው ሳምንት ሶሮንባይ ባጥሩ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳምጠው ምንም ሳይቀልዱ ሄዱ።

መጨረሻው ስልህ ግማሹን ነው። የአባባን የፈረስ ዜማ የማስተምራት እኔ፣ የማውቀው እማማ ላም እንዳልብ እስክትጠራኝ ድረስ የሰማሁትን ያህል ነው። አጠገባቸው ተቀምጦ እስከ ጫፉ የተማረው አንተ ነህ። እዚያ ስትደርስ ትቆምና "አክስቴ፣ የቀረውስ የት አለ?" ትለኛለች። "አባትሽ ጣት ላይ" እላታለሁ። ከዚያ ቤቱ ጭር ይላል፤ ያን ጭርታ እኔም አልቻልኩትም ወንድሜ።

የፊታችን ዓርብ ስትደውል በኮሙዙ ትጫወትልሃለች። ትሳሳታለች፤ ቶሎ ብለህ አታሞግሳት፣ አታቋርጣት። ግማሹ ላይ ዝም ስትል ስልኩ የተቋረጠ እንዳይመስልህ፤ አንተን እየጠበቀች ነው። ቢያንስ በአፍህ አዚምላት።

ጅልዲዝን ሳምልኝ። አብረውህ ለሚያድሩትም ሰላምታዬን አድርስ፤ እውነቱንም ንገራቸው። ቤጋይም ክሩ ባቆሰለው ጣቷ ይዛ እጅህን ትስማለች። ሶሮንባይም ሰላም ብለውሃል፤ "ግማሽ ዜማ ሰምቼ መሞት አልፈልግም፣ መጥቶ ይጨርስልኝ በይው" ብለዋል።

እህትህ ቡሩልቻ
ናሪን፣ አትባሺ
ኖቬምበር 12 ቀን 2016