መለኪያው የኔ ደም

ኅዳር 8
ዛሬም ክሊኒኩ ላብራቶሪ ውስጥ ብቻዬን። ሦስት ነበርን፣ ሁለቱ ከለቀቁ ስምንት ወር። ቡና ለቀማ ከደረሰ ወዲህ ከሸቤ የሚመጣው ታካሚ በረንዳውን ሞልቶታል። የደም ማሽኑ ልክ ማንበቡን የምናይበት የፋብሪካ መፈተሻ ደም ካለቀ ቆየ... ምን ችግር አለው? ሰኞ ሰኞ ከራሴ ክንድ እቀዳለሁ። ጤነኛ ነኝ፣ የኔ ቁጥር ልክ ከመጣ ማሽኑ ልክ ነው።

ኅዳር 15
ነጭ የደም ሴሌ በግማሽ ወርዶ መጣ። የኔ? ደግሜ አስገባሁ፣ ያው። ይሄ ማሽን አብዷል! ውጭ ሠላሳ ሰው ይጠብቃል። የኔን ልክ እስኪያነብልኝ ማስተካከያውን ከፍ አደረግኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ኅዳር 18
ግራ ጎኔ እንደ እሳት ይለበልባል። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ። የጽዳት ሠራተኛዋ አዴ ዘይቡ አይተው ጮኹ።
"ያ ረቢ! አልማዝ ባለጭራ! ይሄ የሽማግሌ በሽታ አይደል እንዴ? ስንት ዓመትሽ ነው?"
"ሃያ ዘጠኝ።"
"እረፊ ልጄ፣ ወላሂ ትሞቻለሽ።"
ሳቅኩባቸው። ማን ይሠራል?

ኅዳር 22
የማሽን ጠጋኙ ፋሂም ከፋብሪካ የታሸገ መፈተሻ ይዞ መጣ። አስገባ፣ አየ፣ ወደ እኔ ዞረ።
"ማን ነው የነካው?"
"እኔ። ዝቅ አድርጎ ሲያነብ ጊዜ..."
"ዝቅ አላደረገም ሱሀይላ። ያኔ ልክ ነበር። አሁን ነው የዋሸው።"
ያኔ ልክ ነበር... ታዲያ እኔስ? በሳምንቱ ውስጥ "ደህና ናችሁ" ብዬ የላክኋቸውስ? ፋሂም ማስተካከያውን ወደ ቦታው መለሰ።

ኅዳር 23
የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ፍሬአብ መረመረኝ። ኤች አይ ቪ የለም፣ ስኳር የለም። እስኪነግረኝ ድረስ ግን ሞቼ ነው የቆየሁት።
"መጨረሻ ፈቃድ የወጣሽው መቼ ነው?"
አላስታወስኩም። እውነት አላስታወስኩም!
"ሥራው ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ግን ሰውነት ያለ እረፍትና ያለ እንቅልፍ ስንት ወር ይችላል? በሽታ መከላከያሽ ደክሟል።"
የስንቱን ደም አንብቤ የራሴን አላመንኩም። ማሽኑ አብዷል ማለት ቀለለኝ።

ኅዳር 24
ለክሊኒኩ ባለቤት ለአቶ ጎሳዬ ነገርኩት። "ዝም በይ፣ ስማችን ይጠፋል" አለኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። መዝገቡን አውጥቼ፣ ውጤታቸው የሚያጠራጥረውን አሥራ አንዱን ለየሁና እዚያው ፊቱ ስልክ መደወል ጀመርኩ። ያባርረኝ።

ኅዳር 26
ዘጠኙ መጥተው እንደገና ተመረመሩ። የሸቤው ገበሬ አባቦራ ብቻ ነጭ የደም ሴላቸው በእርግጥ ወርዷል፣ ዶክተሩ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካቸው። "በጊዜ ነው የደረሱት" አለ። ይቅርታ ስጠይቃቸው አለቀስኩ። "ሂን ያዳኢን፣ አታስቢ ልጄ" አሉኝ። እሳቸው እኔን አጽናኑኝ! የቀሩት ሁለቱ ነገ እንመጣለን ብለዋል።

ኅዳር 27
ሁለቱም ደህና። አልሃምዱሊላህ። ዶክተሩ የጻፈልኝን የሕመም እረፍት ወረቀት አቶ ጎሳዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 2
ጅሬን፣ እህቴ ቤት። አራት ቀን ተኛሁ፣ ጎኔ መድረቅ ጀምሯል። ዛሬ አዴ ዘይቡ ደወሉ። አቶ ጎሳዬ ሁለት ባለሙያ ቀጥሯል፣ ሥራ ጀምረዋል አሉኝ።
"ሁለት? መቼ?"
"በወጣሽ በሦስተኛው ቀን።"
ስልኩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ወር "ሰው ጠፋ፣ ትንሽ ቻይው" ሲለኝ... ለካ ይቻል ነበር።