እትዬ ቆይና አስፓራገሳቸው

ሁላችንም እትዬ ቆይ እያልን የምንጠራቸው እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ስለ ነበሩ ታናናሾቻቸውን አዝለው፣ ገሥጸውና አፍንጫ ጠርገው አሳድገዋል። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ በ1961 ዓ.ም. በአንድ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል ተቀጥረው አንሶላ ማጠፍ ጀመሩ፤ ኋላም የክፍሉ ኃላፊ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ከዚያ አልተነቃነቁም።

አስፓራገስ ከሚባለው ተክል ጋር የተዋወቁት እዚያው ሆቴል ኮሪደር ላይ ነው። ይህ ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጥኖ በመትከያው ዙሪያ የሚንዠረገግ፣ ሲያዩት ለስላሳ ሲነኩት እሾሃም የሆነ ተክል፣ ቢጫ ሆኖ ስለ ረገፈ ሊጣል ከበር ወጥቶ ነበር። ለካ እንግዳው ሁሉ የተረፈውን መጠጥ ሲደፋበት ኖሯል። እትዬ ቆይ አቅፈው ቤት ወሰዱት። አፈሩን ቀየሩለት፤ ብርሃን ከሚገባበት ግን ፀሐይ በቀጥታ ከማይመታው መስኮት አጠገብ አኖሩት፤ የአፈሩ ፊት ሲደርቅ ብቻ እያጠጡ አዳኑት። ከዚያ ወዲህ ሰው ማንቆርቆሪያ ይዞ ወደ ተክሉ ከተጠጋ፣ ከየትኛውም ክፍል ሆነው "ቆይ!" ሲሉ ይሰማል። ቅጽል ስማቸውን ያተረፈላቸው ይኸው ነው።

በ1968 ዓ.ም. ፀጉር አስተካካይ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን መቀስ ይዞ ነበር የሚመጣው። በተጋቡ በዓመቱ፣ ሚስታቸውን ደስ ያሰኙ መስሏቸው፣ ተክሉን እንደ ደንበኛ ራስ ዙሪያውን ከርክመው፣ ድቡልቡል አድርገው ጠበቋቸው። እትዬ ቆይ ከሥራ ሲገቡ በር ላይ ደርቀው ቀሩ።

"ምን አደረግኸው?"

"አሳመርኩት!"

"ይሄ እኮ ጎፈሬ አይደለም! ጫፉ የተቆረጠ መልሶ አያድግም፤ ያረጀውን መርጠህ ከሥሩ ነው የምትቆርጠው!"

"ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?"

"አንተን ደግሞ ማን ይጠረጥራል፣ የኔ ጌታ?"

ይህ ክርክር ባለቤታቸው በ2005 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አልበረደም፤ ፍቅራቸውም እንዲሁ።

በትዳራቸው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ልጅቱ በምትድኽበት ጊዜ የተክሉን ቀያይ ፍሬዎች አንሥታ እንዳትበላ፣ ፍሬዎቹ ለልጅ ሆድ አይሆኑምና፣ በየማለዳው ተንበርክከው ይለቅሙ ነበር። ልጃቸው አድጋ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ያዘች። በትዕግሥት እናቷን አልወጣችም፤ በእልኸኝነት ግን ቁርጥ እሳቸውን ናት።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የልብ ሕመም አልጋ ላይ አዋላቸው። ጠያቂ አልጎደለም፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን ጠያቂው ሁሉ "እሳቸው ተኝተው ተክሉን ማን ያስታውሰዋል?" እያለ፣ ከብርጭቆው የተረፈውን ውኃ ሰረቅ አድርጎ ያፈስበት ነበር። እያንዳንዱ አዛኙ እሱ ብቻ ይመስለዋል። ከመካከላችን ያላደረገው ካለ እጁን ያውጣ! አስፓራገሱ ቢጫ ሆነ። ድንች መሰል ሥሮቹ ሸክላውን ሞልተው ሰነጠቁት፤ ውኃውም መውጫ አጣ። እትዬ ቆይ ከትራሳቸው ቀና ብለው ልጃቸውን መጋዝ እንድታመጣ አዘዟት፤ የበሰበሰው ተቆርጦ ካልተጣለና ጤነኛው ተከፋፍሎ ካልተተከለ ተክሉ አይተርፍም።

ልጅቱ አሻፈረኝ አለች።

"ሳትሞቺ ውርስ ልታካፍዪ ነው፣ እማዬ?"

"ውርሱን ማን አነሣ? ሥሩ ታፍኗል ነው ያልኩሽ!"

"ስትድኚ ራስሽ ትቆርጪዋለሽ።"

"እኔ ልዳን አልዳን የፈጣሪ ነው፣ ልጄ። የእሱ መዳን ግን ያንቺ ነው።"

ተኮራርፈው ሰነበቱ። ልጅ መድኃኒቱን ትሰጣቸዋለች፤ እናት ውጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። በመጨረሻ ልጅቱ እያለቀሰችም እየተነጫነጨችም አልጋው አጠገብ ላስቲክ አነጠፈች፤ ሸክላውን ሰብራ መጋዙን አነሣች።

"ወደ ግራ! እሱ ጤነኛ ነው፣ አትንኪው! ኧረ እንደ ዳቦ አትገዝግዢው!" እሾሁ ሲወጋት ደግሞ፣ "ጓንት አድርጊ አላልኩሽም?"

ለምለሞቹና ጠንካራ ሥር ያላቸው ተለይተው በየመትከያቸው ገቡ። አንዱን እትዬ ቆይ ራሳቸው፣ ልጃቸው ደግፋቸው፣ አፈሩን በአውራ ጣታቸው ጠቀጠቁለት። ልጅቱ እጃቸውን ልታጥባቸው ውኃ ስታመጣ፣ "ተይው፣ አፈሩ ደስ ይላል" አሏት።

እትዬ ቆይ አዲስ ቡቃያ ሳያዩ፣ በዚያው ሳምንት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው በልጃቸው እቅፍ ዐርፈዋል። ልጃቸውን፣ ታናናሽ ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን በሐዘን ትተዋል።

ቸሩ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካምና ሕመም በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለልጃቸውም፣ የሚቆጣት ሰው በሌለበት ቤት መኖርን እስክትለምድ ድረስ፣ ብርታቱን ያድልልን። አሜን።