የሞተር መጋዙና የበድሩ ትከሻ

ጥር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

አዲሱን የሞተር መጋዝ ዛሬ ሥራ አስጀመርኩት። ካዛንቺስ፣ ሕንፃ ሊሠራበት የታሰበ ግቢ ውስጥ ያለውን ባሕር ዛፍ የምንመነጥረው እኔና በድሩ ነን። የሁለት ሰው መጋዝ ግራና ቀኝ ይዘን ስንስብ አሥራ አምስት ዓመታችን ነው። ከአምና ጀምሮ ትከሻውን ስለሚያመው፣ እሱን ላሳርፈው ብዬ ነው ሞተሩን የገዛሁት። ይህን ግን አልነገርኩትም ነበር።

የሦስት ቀን ሥራ እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ። በድሩ የሚሠራው አጥቶ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ሞተሩን ሳጠፋው፣ «ነገ ልምጣ ወይስ ልቅር?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው? ለትከሻህ ብዬ እኮ ነው የገዛሁት።»

«ታዲያ ከመግዛትህ በፊት ብታማክረኝ ምን ነበረበት?»

መጋዙን አነሳሁ። ወደሚቀጥለው ዛፍ ስሄድ ግን ተነስቶ መጣና ሽቅብ አየው። «ወደ አጥሩ አዘንብሏል፤ በዚህ በኩል ጀምር» አለኝ። እንዳለኝ ቆረጥኩት፤ አጥሩን ሳይነካ ወደቀ።

ማታ ቂርቆስ ስንለያይ፣ «ነገ ያላንተ አልጀምርም» አልኩት።

«እናያለን» ብሎኝ ሄደ።

ይቅርታ ልለው አስቤ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።